ዳገቱን ትታችሁ ውሃውን ተከተሉ፦ ሲያትልን በሳይክል

ሲያትል ለሚኖር ወገኔ «ሳይክል ግዛ» ስለው የማገኘው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «በዚህ ዳገት?» አይፈረድበትም። ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ወደ ፈርስት ሂል ወይም ወደ ኩዊን አን በእግሩ የወጣ ሰው ጉልበቱ ይመሰክራል። እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። እዚያ ሳይክል የልጅም የአዋቂም መጓጓዣ ነው፤ ተማሪው፣ አስተማሪው፣ አናጢው ሁሉ ይነዳል፤ ከተማዋ ሜዳ ናት። እዚህ ስመጣ ግን ዳገቱን አየሁና ነገሩን ለዓመታት ረሳሁት። የማታ ሥራ፣ የቀን እንቅልፍ፣ የቀረው ጊዜ መኪና ውስጥ። በኋላ ሐኪሜ የደም ስኳሬን ውጤት አሳይታኝ «መንቀሳቀስ አለብህ» ስትለኝ ነው ሳይክል ትዝ ያለኝ።

ካርታውን ቁጭ ብዬ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ሲያትል በሁለት ውሃ መካከል የተዘረጋች ከተማ ናት። በምዕራብ ፒውጀት ሳውንድ የሚባለው፣ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ወደ የብስ የገባው ጨዋማ ውሃ አለ። በምሥራቅ ደግሞ ሌክ ዋሽንግተን የሚባለው ትልቅ ሐይቅ። ዳገቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። የውሃውን ዳር ይዞ ለሚሄድ ሰው መንገዱ በአብዛኛው ሜዳ ነው። የድሮ የባቡር ሐዲድ ተነቅሎ የሳይክል መንገድ የሆነበትም እንዲሁ፤ ባቡር ዳገት አይችልምና ሐዲዱን የዘረጉት ሰዎች ሜዳ ሜዳውን መርጠው አስቀምጠውልናል። ስለዚህ ለጀማሪ የምሰጠው ምክር ውሃውን ወይም የድሮውን ሐዲድ ይከተል፣ ዳገት ላይ ወዳለው ቤቱ ደግሞ ሳይክሉን ይዞ በአውቶቡስ ወይም በባቡር ይመለስ የሚል ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ ራሴ ደጋግሜ ስለሄድኩባቸው መንገዶች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሐበሻ የሚኖረው ሬኒየር ቫሊ ነውና ከዚያ ልጀምር። በቅድሚያ ሬኒየር አቬኑን ለሳይክል አትምረጡት። መኪናው ይፈጥናል፣ አደጋ የሚበዛበት ጎዳና ነው፣ ለመዝናናት የሚነዳ ሰው እዚያ ምንም ጉዳይ የለውም። ኮሎምቢያ ሲቲ ከሚገኘው የላይት ሬል (የከተማው የኤሌክትሪክ ባቡር) ጣቢያ ወርዳችሁ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ጀኔሲ ፓርክ ዝለቁ፤ ሬኒየርን መብራት ባለበት ተሻግራችሁ ብቻ እለፉት። ፓርኩ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ጫፉ ሐይቁ ጋ ያደርሳችኋል።

የዚህን ፓርክ ሜዳነት ታሪኩን ካወቅሁ ወዲህ ይበልጥ ወድጄዋለሁ። ከመቶ ዓመት በፊት እዚህ የነበረው ረግረግ ነው፤ የሐይቁ ውሃ እስከ ኮሎምቢያ ሲቲ ድረስ ይገባ ነበር። በ1916 ሐይቁን ከባሕሩ ጋር የሚያገናኘው ቦይ ሲከፈት የሌክ ዋሽንግተን ውሃ 9 ጫማ ያህል ወረደ። ረግረጉ ደረቀ፣ ኋላ የቆሻሻ መጣያ ሆነ፣ ከዚያም አፈር ለብሶ መናፈሻ ሆነ። ዛሬ ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱበት ሣር ያ ነው።

ሐይቁ ጋ ስትደርሱ ሌክ ዋሽንግተን ቡልቫርድን ታገኛላችሁ። መንገዱ የኦልምስቴድ ወንድማማቾች ኩባንያ በ1903 ለከተማዋ ባወጣው የመናፈሻዎች ዕቅድ ውስጥ ያለ ነው፤ ሲነድፉት ለመንሸራሸሪያ እንጂ ለመሮጫ አላሰቡትም፣ ይህም እስከ ዛሬ ይታያል። የውሃውን ዳር ተከትሎ ይጠማዘዛል፣ ዛፎቹ ያጠሉበታል። በስተሰሜን ካለው ማውንት ቤከር ቢች እስከ ሱዋርድ ፓርክ ድረስ 3 ማይል ያህል ነው። ከማውንት ቤከር ቢች ተነስታችሁ ወደ ደቡብ ብትነዱ ሰማዩ በጠራ ቀን የሬኒየር ተራራ ከሐይቁ በላይ ፊት ለፊታችሁ ይቆማል። ከፍታው 4,392 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን ጥቂት ያንሳል፣ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ በረዶ አይለየውም። እኔ ይህን መንገድ ሁልጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ የምነዳው ለእሱ ስል ነው።

በሞቃቱ ወራት ከተማው በተወሰኑ ቅዳሜና እሁዶች ይህን መንገድ ለመኪና ይዘጋዋል። ቀኖቹ በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ የከተማውን የመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ተመልከቱ። ሳይክል የጀመረ ሰው፣ ልጅ ያለው ሰው፣ መኪና የሚፈራ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ በእነዚህ ቀናት ይውጣ። ጎዳናው ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው፤ አባት ከልጁ ጎን ለጎን እያወራ ይነዳል። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ግን መኪና አብሯችሁ አለ፤ የተለየ የሳይክል መስመር የለውም፣ ጥግ ጥጉን ያለው መንገድም ለእግረኛ ነው። ያን ጊዜ በማለዳ መውጣት ነው የሚሻለው። ነሐሴ መግቢያ አካባቢ ደግሞ የፈጣን ጀልባዎች ውድድርና የጦር አውሮፕላኖች ትርኢት አለ፤ ያን ሰሞን ሐይቁ ዳር መንገዱ ተዘግቶ፣ ሕዝቡ ሞልቶ ለሳይክል አይመችም።

ሱዋርድ ፓርክ ወደ ሐይቁ የገባ ምላስ መሬት ነው፤ ስፋቱ 300 ኤከር ይሆናል። ሐይቁ ከመውረዱ በፊት ውሃው ሲሞላ ደሴት ለመሆን ጥቂት ይቀረው ነበር። ዙሪያውን የሚዞረው አስፋልት 2.4 ማይል ነው፣ መኪና አይገባበትም፣ ዳገት የሚባል የለውም። በአንድ ወገን ውሃው፣ በሌላው ወገን ከተማው ሲቆረቆር ያልተቆረጠ ጥንታዊ ደን። ራሰ በራ የሚመስለውን ነጭ አናት ያለውን ንስር ዛፍ ላይ ቀና ብላችሁ ፈልጉት። በእርጋታ ለነዳ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሦስቴ መዞር የተለመደ ነው።

እዚህ ግን መንገዱ የጋራ ነው። ጠዋት ጠዋት ለጤናቸው የሚራመዱ አዛውንቶች አሉ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የእኛው ናቸው። ከኋላ ሆናችሁ ድንገት ደወል ስትደውሉ አንዳንዱ ደንግጦ ወደ ድምፁ ይዞርና መንገዱን ይዘጋዋል። እኔ ነጠላቸውን ወይም ጋቢያቸውን ካየሁ ፍሬን ይዤ ከሩቅ በአማርኛ እናገራለሁ። «እንደምን አደሩ እማማ፣ በግራ በኩል እያለፍኩ ነው።» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እለፍ ልጄ!» ብለው ከዘራቸውን ወደ ቀኝ ያነሳሉ። ከደወል ይልቅ ይህ ይሠራል።

ሁለተኛው መንገድ የጨው ውሃው ነው፤ አልካይ። ለእንግዳ ሲያትልን አሳየው ብትሉኝ የምወስደው እዚህ ነው። ወደ ዌስት ሲያትል በድልድይ መሄድ ይቻላል፤ እኔ ግን በጀልባ እላለሁ። ከመሀል ከተማው ፒየር 50 ዋተር ታክሲ የሚባለው ጀልባ ይነሳል፤ ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ዌስት ሲያትል ሲክረስት የሚባለው ወደብ ያደርሳችኋል። ለሳይክሉ ተጨማሪ ክፍያ የለም፣ ለራሳችሁ በኦርካ፣ ማለትም በአውቶቡስና በባቡር መክፈያው ካርድ ትከፍላላችሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መውጫው ከባሕሩ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ማዕበሉ ሸሽቶ ውሃው ሲጎድል ተንሳፋፊው መድረክ ስለሚወርድ መወጣጫው ቀጥ ያለ ዳገት ይሆናል። ሳይክሉን ስትገፉ ሁለቱንም እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ፤ ስትወርዱበት ደግሞ ጣታችሁ ፍሬኑ ላይ ይሁን፣ በተለይ ብረቱ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል።

ከጀልባው ወርዳችሁ ወደ ቀኝ ታጠፉ። የሳይክሉ መንገድ ከመኪናው የተለየ ነው፤ ግራችሁ የዌስት ሲያትል ገደል፣ ቀኛችሁ ባሕሩ። ዱዋሚሽ ሄድ የሚባለው ጥግ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። የመሀል ከተማው ሕንፃ በሙሉ፣ ስፔስ ኒድል የሚባለው ዝነኛ ማማ፣ የወደቡ ክሬኖች ከውሃው ማዶ ተደርድረው ይታያሉ። የሲያትል ፎቶ ተብሎ አገር ቤት የሚላከው አብዛኛው ከዚህ አካባቢ የተነሣ ነው። ጥጉን ዞራችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስትነዱ ከተማው ከዓይን ይጠፋና በምትኩ የኦሎምፒክ ተራሮች ከውሃው ወዲያ ብቅ ይላሉ፤ ትልልቆቹ ነጭና አረንጓዴ ፌሪዎች ወደ ቤይንብሪጅ ደሴት ሲመላለሱ ታያላችሁ።

ከዚያ አሸዋማው ዳርቻ ይጀምራል። በኅዳር 1851 ከተማዋን የመሠረቱት ነጭ ሰፋሪዎች ከመርከብ የወረዱት እዚህ ነው፤ የአገሬው ተወላጅ የዱዋሚሽ ሕዝብ ግን ከዚያ በፊት የኖረበት ምድር ነው። በ1952 የቆመች ትንሽ የነጻነት ሐውልትም አለች። ከጀልባው እስከዚህ ከ2 እስከ 3 ማይል ነው። ጥቂት አለፍ ብሎ በ1913 የተሠራ የመርከብ መብራት ማማ አለ። ጉልበት ያለው ሰው ከማማው አልፎ በቢች ድራይቭ ወደ ሊንከን ፓርክ መቀጠል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የተለየ መንገድ ስለሌለ ከመኪና ጋር ነው፣ መኪናው ግን ብዙ አይደለም። ውሃው ዳር ያሉትን ቤቶች ማየት ብቻ ያስደስታል።

በጋ ላይ ፀሐያማ በሆነ ቀን የአልካይ ምሽት ሕዝብ በሕዝብ ነው። ሳይክል መንገዱ ላይ ጋሪ የሚገፋው፣ ውሻ የሚያናፍሰው፣ ስኬት የሚነዳው ይደባለቃል። ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ብትደርሱ ለራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ነፋሱንም አስቡ። በሞቃቱ ወራት፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በብዛት የሚመጣው ከሰሜን ነው። ስለዚህ ጉልበታችሁ ትኩስ ሳለ ነፋሱን ፊት ለፊት ግጠሙት፤ ስትመለሱ ከኋላ ይግፋችሁ። ከአልካይ ወደ ጀልባው ስትመለሱ ግን ወደ ሰሜን ነውና ነፋሱ ፊታችሁ ላይ ነው፤ ቶሎ መመለስ፣ ወይም ጉልበት ቆጥቦ መነሳት ያስፈልጋል። የመጨረሻውን ጀልባ ሰዓት አስቀድማችሁ ካላያችሁ የምትመለሱት በታችኛው ድልድይ ነው። እሱም ክፉ አይደለም። በዱዋሚሽ ወንዝ ላይ መርከብ ሲመጣ ሁለቱ የኮንክሪት ክንፎች ቀስ ብለው ወደ ጎን ይዞራሉ፤ ሳይክሉን አስደግፎ ማየት ነው። ከድልድዩ ወዲህ ያለው ግን ከባድ ጭነት መኪና የሚመላለስበት የወደብ ሰፈር ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም።

ከመሀል ከተማው ወደ ሰሜን የሚሄደው የኤሊየት ቤይ መንገድ ደግሞ መኪና ላልያዘ ሰው ምቹ ነው። ባሕሩን ይጋርድ የነበረው ባለ ሁለት ፎቅ የመኪና ድልድይ በ2019 ከፈረሰ በኋላ የባሕሩ ዳር ተከፍቷል፤ አሁን የተከለለ የሳይክል መስመር አለው። ከቅርፃ ቅርፅ መናፈሻው ካለፋችሁ በኋላ የእግረኛውና የሳይክሉ መንገድ ይለያያል። ግራችሁ ባሕር፣ ቀኛችሁ የጭነት ባቡር ነው። ወደ እስያ የሚጫነው በቆሎና አኩሪ አተር በሚከማችበት በትልቁ የእህል ጎተራ ሥር ታልፋላችሁ፤ መርከብ ቆሞ ሲጭን ከደረሳችሁ ማጓጓዣው ከራስ በላይ ሲጮህ ትሰማላችሁ። ለጀማሪ ማግኖሊያ ሥር ያለው የጀልባዎች ማቆሚያ ጥሩ መመለሻ ነው።

መቀጠል የሚፈልግ ሰው በባቡሮቹ ጓሮ አጠገብ አልፎ ፊሸርመንስ ተርሚናል ይደርሳል፤ ወደ አላስካ የሚሄዱት ዓሣ አጥማጅ መርከቦች ያሉበት ነው። ከዚያ ወደ ባላርድ ሎክስ። በ1917 የተመረቀው ይህ የውሃ በር ሐይቁንና ባሕሩን ያገናኛል፤ እንደ ማዕበሉ ሁኔታ በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ6 እስከ 26 ጫማ ይደርሳል። ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይሞላል ወይም ይጎድላል። እዚያ ውስጥ ሳይክል መንዳት ክልክል ነው፣ ወርዳችሁ ግፉ። በደቡቡ በኩል የሳልመን ዓሣ ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል አለ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከመስታወቱ ጀርባ ሲታገሉ ይታያሉ። ልጆቼን ከዚያ መስታወት ማላቀቅ ሁልጊዜ ሥራ ነው።

ባላርድ ላይ ስለ ሐዲዱ ማስጠንቀቅ አለብኝ። ከባላርድ ድልድይ ሥር አካባቢ የሳይክሉ መንገድ የተለየ መሆኑ ይቋረጥና የባቡር ሐዲድ ጎዳናውን በሰያፍ ያቋርጣል። የሳይክል ጎማ ሐዲዱ ጎን ያለው ክፍተት ውስጥ ከገባ መሪው ከእጅ ይወጣል፤ እዚያ ቦታ ክንዱና ትከሻው የተሰበረ ሰው ብዙ ነው። ይህን ክፍት ቦታ ለመድፈን ከተማው ለአሥርት ዓመታት በፍርድ ቤት ሲከራከር ኖሯል። እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ኋላችሁን አይታችሁ፣ ወጣ ብላችሁ ጎማው ከሐዲዱ ጋር መስቀል እንዲሠራ አድርጋችሁ ማቋረጥ ነው። ሐዲዱ ላይ ሳላችሁ ፍሬን አትያዙ፣ መሪም አትጠምዝዙ። ዝናብ ካለ ወርዳችሁ ግፉት፤ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።

ከባላርድ ወዲያ ያለው በርክ ጊልማን ትሬይል ነው፤ የሲያትል የሳይክል መንገዶች አባት። በ1880ዎቹ የተመሠረተ የባቡር ኩባንያ የዘረጋው መስመር ነበር፤ ሥራውን ሲያቆም ነዋሪዎች ተሟግተው በ1978 ለሳይክልና ለእግር ተከፈተ። ስሙ ባቡሩን ካቋቋሙት ሰዎች ሁለቱ ነው። አሁን እስከ ባሰል ወደ 20 ማይል ይረዝማል፤ ከዚያም ሌላ የወንዝ ዳር መንገድ ተቀብሎ እስከ ሬድመንድ ይወስዳል። የድሮው የጋዝ ፋብሪካ በ1956 ቆሞ በ1975 መናፈሻ የሆነበት ጋስ ወርክስ ፓርክ በዚህ መንገድ ላይ ነው፤ የዛጉት ማማዎች እንዳሉ ናቸው፣ ከጉብታው ላይ ሌክ ዩኒየንና ከተማው ይታያል።

በዚህ መንገድ ለጀማሪ የምመርጠው ክፍል ከዩኒቨርሲቲው ላይት ሬል ጣቢያ ወደ ሰሜን ያለው ነው። ባቡሩ ላይ ሳይክሉን ለእሱ በተመደበው ቦታ አስቀምጡ፣ ጣቢያው ጥልቅ ስለሆነ በሊፍት ውጡ፣ መንገዱ ቅርብ ነው። እስከ ማቲውስ ቢች ከ4 እስከ 5 ማይል ያህል በዛፍ ጥላ ሥር ትነዳላችሁ፣ እዚያ ዋኝቶ ወይም እግር ነክሮ መመለስ ነው። የዛፍ ሥር አስፋልቱን ያነሣበት ቦታ አለ፤ ሲመጣ ከኮርቻው ጥቂት ብድግ በሉ። መስቀለኛ መንገዶች ላይ መኪናው ይቆምልኛል ብላችሁ አትግቡ። በመከር ወቅት እርጥብ ቅጠል እንደ ሳሙና ነው።

በሐይቁ ላይ ያሉትን ሁለት ተንሳፋፊ ድልድዮች ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሁለቱም የሳይክል መንገድ አላቸው። አይ 90 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ያለው ጠባብና የመኪና ድምፅ የሚያደነቁርበት ነው፤ መንገዱ በሰሜን በኩል ስለሆነ የሬኒየር ተራራ ከመኪናው ወዲያ ነው። ቤልቪው ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል፣ ለመዝናናት ግን አልሄድበትም። በ2017 እስከ ሲያትል የተጠናቀቀው የ520 ድልድይ መንገድ ይሻላል፤ ሰፊ ነው፣ አረፍ የሚባልበት ቦታም ተሠርቶለታል። ቤይንብሪጅ ደሴት በፌሪ 35 ደቂቃ ነው፤ ለመንገደኛ የሚከፈለው ወደ ደሴቱ ሲሄዱ ብቻ ነው፣ ሳይክል የያዘ ሰውም ብዙ ጊዜ ከመኪናው በፊት ይገባል። የባሕሩ ጉዞ ግሩም ነው፤ ደሴቱ ግን ዳገት በዳገት ነውና ሁለት ሦስት ወር ከለመዳችሁ በኋላ አስቡት።

ስለ ሳይክሉ ራሱ። አዲስና ውድ አያስፈልግም። ኮሎምቢያ ሲቲ ውስጥ ባይክ ወርክስ የሚባል፣ ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ያገለገለ ሳይክል አድሶ ይሸጣል፤ ለልጆችም ጥገና ያስተምራል። የምትመርጡት ቀጥ ብላችሁ የምትቀመጡበት፣ ጎማው መካከለኛ ስፋት ያለው፣ ለዳገት የሚያቀል ትንሽ ማርሽ ያለው፣ ፓራፋንጎ ያለበት ይሁን። ያለ ፓራፋንጎ በሲያትል ዝናብ ጀርባችሁ ጭቃ ይሆናል። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ፔዳሉ ታች ሲሆን ጉልበታችሁ ጥቂት ብቻ ታጥፎ መቅረት አለበት። ብዙ ሰው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ ነድቶ «ጉልበቴን አመመኝ» ይላል፤ ከፍ ሲያደርገው ሕመሙ ይሄዳል። ጎማውን ቢያንስ በየሳምንቱ ንፉ፤ ከመነዳሪና ትንሽ መንፊያ ያዙ። ሄልሜት እንዲደረግ ያስገድድ የነበረው የካውንቲው ደንብ በ2022 ተሽሯል፤ ቢሆንም አድርጉ፣ ጭንቅላት አይተካም። ሰፊ ሱሪ የለበሰ የቀኝ እግሩን ካልሲ ውስጥ ይክተት፣ ቀሚስ የለበሰች ሰንሰለቱ የተሸፈነ ሳይክል ትምረጥ።

ሳይክል ይዘው በአውቶቡስ ወደ ቤት መመለስን የሚፈሩ አሉ። የሜትሮ አውቶቡሶች ፊት ላይ ሦስት ሳይክል የሚይዝ ማስቀመጫ አለ፣ ነጻ ነው። አውቶቡሱ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ለሾፌሩ ምልክት ስጡ። በመሀል ያለውን መያዣ በአንድ እጅ ጨብጣችሁ ወደ እናንተ ሳቡት፣ ማስቀመጫው ይወርዳል። ሳይክሉን አንስታችሁ ሁለቱን ጎማ ጎድጓዳው ውስጥ አስቀምጡ፤ ከዚያ የሚሳበውን ክንድ አውጥታችሁ የፊተኛው ጎማ ላይ ጣሉት፣ ብረቱ ላይ ሳይሆን ጎማው ላይ። ስትወርዱ በፊተኛው በር ውረዱና «ሳይክሌን ላውርድ» ብላችሁ ለሾፌሩ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ሳይክላችሁን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሳይክሉን ማንሳት ማንም በሌለበት አስቀድማችሁ ተለማመዱ።

ስንቅ በሶ ይሁን። በውሃ ጠርሙስ ውስጥ በሶ፣ ማርና ጥቂት ጨው በጥብጣችሁ ያዙ፤ በጾምም ይሆናል፣ ሆድም ይይዛል፣ ሱቅ ከሚሸጠው ጣፋጭ ይሻላል። ስኳር ያለበት ሰው ማሩን ይተወው፤ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ረጅም መንገድ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፣ ኪሱ ውስጥም ስኳሩ ሲወርድ የሚልሰው ነገር አይጥፋ። የበጋው መጨረሻ ላይ የሰደድ እሳት ጭስ ከተማውን የሚሸፍንባቸው ቀናት አሉ፤ የአየሩን መለኪያ ስልካችሁ ላይ አይታችሁ ቀይ ከሆነ ቤት ዋሉ። ሳይክሉን የትም ስታቆሙ በወፍራም የብረት ቁልፍ ክፈፉንና ጎማውን አንድ ላይ ቆልፉ፤ ገመድ የመሰለው ቁልፍ በአንድ ቆረጣ ይበጠሳል። ከሳይክሉ ሥር የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

በመጨረሻ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ነድቼ አላውቅም» ለምትሉ፣ በተለይ ለእህቶቻችን። ባለቤቴ የለመደችው ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። አንድ ሰው ከኋላ ኮርቻውን ይዞ እየሮጠ መግፋቱን ተዉት፤ የሚለምደው የሚገፋው ነው። ይልቁን ሁለቱንም ፔዳል ፍቱና ኮርቻውን ሁለት እግር መሬት በደንብ እስኪረግጥ ድረስ ዝቅ አድርጉ። ጀኔሲ ፓርክ ውስጥ መጠነኛ ተዳፋት ያለው ሣር ላይ ይሁን። ቁጭ ብላ በእግሯ መሬቱን እየገፋች ትሂድ፣ ዓይኗ ጎማው ላይ ሳይሆን ሩቅ ይመልከት። እግሯን ለተወሰነ ርቀት አንስታ ሳትወድቅ መንሸራተት ስትጀምር ሚዛኑን ይዛለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬን መያዝ ትለማመድ፣ ቀጥሎ ፔዳሎቹን ግጠሙላት፤ የግራው ፔዳል የሚጠብቀው ወደ ተቃራኒው ሲዞር ነውና ጥርሱን እንዳታበላሹት።